ስለ ነጻነትና ስለ ሊስትሮ ሳጥን

ነጻነት የሚለው ቃል በአማርኛ መጻሕፍት ውስጥ ሲወጣ ብዙ ጊዜ ጋሻና ጦር ይዞ ይወጣል። ዐድዋና ማይጨው ይጠራሉ፤ በዱር በገደል የዋሉ አርበኞች ይመሰገናሉ። ይህም የሚገባ ምስጋና ነው፤ አገር ከባዕድ እጅ ባትጠበቅ ኖሮ ስለ ሌላው ነገር ለመጻፍም ባልተቻለ ነበርና። ነገር ግን ጠላት ከወጣ በኋላ፥ በማግሥቱ ጧት፥ ነጻ የወጣው ሰው ምን ሠርቶ ይበላል? የማንን ደጅ ሳይጠና ያድራል? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚፈልግ መጽሐፍ ጥቂት ነው።

ከጥቂቶቹ ውስጥ ሁለቱ ዛሬም ሊነበቡ የተገባቸው ናቸው። አንደኛው ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. በሮማ ያሳተሙት፥ በኋላም «ጦቢያ» በሚል ስም የታወቀው «ልብ ወለድ ታሪክ» ነው፤ ይኸውም በአማርኛ የመጀመሪያው ልብ ወለድ መጽሐፍ ነው። ሁለተኛው ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ጽፈውት ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. የታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ነው። አንዱ የልብ ወለድ ጨዋታ፥ ሌላው የሀብት ትምህርት ስለ ሆነ ሁለቱን ባንድ ገበታ ያቀረበ ሰው ብዙ አይደለም። ነገር ግን ሁለቱም ጸሐፊዎች የነጋዴዎች አለቃ የሚለውን ማዕርግ የያዙ ሰዎች ናቸው፤ ሁለቱም መጻሕፍት ሰው በምን ነጻ እንደሚሆን ይመረምራሉ። መልሳቸውን ለመመዘን ሚዛኑ ከከፍተኛ ስፍራ መምጣት አያስፈልገውም፤ በሰሜን ወሎ መንገድ ዳር የሚታየው የሊስትሮ ሥራ ይበቃል።

ወልድያ የመንገድ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ በደሴ በኩል ወደ መቀሌ የሚወጣው መንገድ በመካከልዋ ያልፋል፤ በደርግ ዘመን በቻይናውያን እርዳታ የተሠራው፥ በጋሸናና በደብረ ታቦር አድርጎ ወደ ወረታ የሚወስደው መንገድም ከዚያው ይነሣል። ከወልድያ በስተ ደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው መርሳ የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ማንጎና ፓፓያዋን የማያውቅ መንገደኛ ጥቂት ነው። መንገደኛ ባለበት ሁሉ መንገደኛን የሚያገለግል አለ፤ ሻይ የምታፈላው፥ አልጋ የሚያከራየው፥ ዕቃ የሚሸከመው፥ ጫማ የሚጠርገው ሁሉ ኑሮውን ከዚህ መንገድ ይቀዳል። የሀብሩ ገበሬ ልጅ የአባቱ መሬት ለወንድማማች ሲጠብብ ወይም ዝናሙ ሲያጥር ወደ ከተማ ይመጣል። በእጁ ያለው ገንዘብ ሱቅ አያስከፍተውም፤ ሳጥን ግን ያስገዛዋል።

የሊስትሮ ሥራ ለሚያልፍ ሰው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ሥርዐት አለው። በሳጥኑ ውስጥ ብሩሽ፥ ጥቁርና ቡናማ ቀለም፥ ጨርቅ፥ ሳሙናና ውሃ ይገኛል። አስቀድሞ ጭቃውን ያጥባል፥ ያደርቃል፤ ቀጥሎ ቀለሙን ይቀባል፤ በብሩሽ ይፈገፍጋል፤ በመጨረሻም በጨርቅ እስኪያበራ ድረስ ያሻል። አንዱ እግር ሲያልቅ በብሩሹ ጀርባ ሳጥኑን ኳ ያደርጋል፤ ከፍ ብሎ የተቀመጠውም ሰው፥ ዳኛም ቢሆን ሻለቃም ቢሆን፥ ያለ ክርክር እግሩን ይለውጣል። ሥራው ሲፈጸም ዋጋው ይከፈላል፤ ሁለቱም ሰዎች አንዱ የሌላው ዕዳ ሳይኖርበት ይለያያሉ።

ይህ የመጨረሻው ነገር እጅግ ሊታሰብ የተገባው ነው። አሽከር ቀኑንም ሌሊቱንም የጌታው ነው፤ ጌታው ቢቈጣ ይፈራል፥ ቢስቅ ይስቃል። ሊስትሮ ግን ለአንድ ጥንድ ጫማ ያህል ብቻ አገልጋይ ነው፤ ከዚያ በኋላ ጌታ የለውም። ከሰው እግር በታች ጎንበስ ማለቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ጎንበስ ያለው ወገቡ ነው እንጂ ሰውነቱ አይደለም። ማገልገልንና መገዛትን ለይቶ የሚያይ ዐይን የሌለው ሰው ግን ሁለቱንም ባንድ ስም ይጠራል፤ ሊስትሮውንም ሽበት ቢያበቅል እንኳ «አንተ ልጅ» ማለቱን አይተውም።

ይህ ንቀት አሮጌ ሥር አለው። ወልድያ ያለችበት የየጁ ምድር በዘመነ መሳፍንት ታላላቅ ራሶችን ያስነሣ አገር ነው፤ እነርሱም ደጃዝማች ካሳ በ1845 ዓ.ም. በአይሻል ራስ ዓሊን ድል እስኪነሡ ድረስ በጎንደር ነገሥታት ስም መንግሥቱን በእጃቸው ይዘው ነበር። በዚያ ዘመን የሰው ክብር የሚቈጠረው ከበቅሎው በፊትና በኋላ በሚሄደው ተከታይ ብዛት ነበር። ብረት ቀጥቃጩን፥ ቆዳ ፋቂውን፥ ሸማኔውን ግን ሁሉ ይፈልገዋል፥ ሁሉም ይንቀዋል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን ሁሉ በሥራው መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ አስነገሩ። ዐዋጁ መልካም ነበር፤ ሆኖም ዐዋጅ ስድብን ከአደባባይ ያስወጣል እንጂ ከልብ አያስወጣም። ከልብ የሚያስወጣው ሰው በቤቱ ሲጫወት የሚያወራው ታሪክ፥ ልጆቹም በትምህርት ቤት የሚያነቡት መጽሐፍ ነው። የነጋድራስ አፈወርቅ ልብ ወለድ በዚያው በዐዋጁ ዓመት ስለ ታተመ፥ መጽሐፉ ከዐዋጁ ጋር ምን ያህል እንደ ተራመደ መመርመር ይገባል።

የልብ ወለዱ ታሪክ በጦርነት ይጀምራል። አንድ ክርስቲያን የጦር አለቃ ድል ይሆንና በአሕዛብ እጅ ይማረካል። ከምርኮ የሚያወጣው ግን ጦር አይደለም፤ አንድ ባለጠጋ ነጋዴ አዝኖለት የቤዛውን ገንዘብ ይሰጠዋል፥ ምንም ውለታ አይጠይቀውም። አባትየው ወደ ቤቱ ተመልሶ ከመንታ ልጆቹ፥ ከዋሕድና ከጦቢያ ጋር ይገናኛል። ዋሕድ ግን የአባቱን ዕዳ ለመክፈል ያን ነጋዴ ፍለጋ ይወጣል፤ በመንገድም እርሱ ራሱ በባርነት ይያዛል። አባቱና እኅቱም እርሱን ፍለጋ ይነሣሉ፤ ጦቢያም የወንድ ልብስ ትለብሳለች። ከዚያ በኋላ ያለው በብዙ መከራ፥ በፍቅርና በጋብቻ ይፈጸማል።

ስለዚህ መጽሐፍ የጻፉ ሰዎች የቋንቋውን ጣዕም አመስግነዋል፤ ይህም ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ከቋንቋው በታች ያለውን ነገር ማየት ይበልጣል። የጦር አለቃው በሰይፍ ያጣውን ነጻነት ነጋዴው በገንዘቡ መለሰለት። ጦረኛ ብቻ በሚከበርበት አገር፥ ነጋዴም በሚነቀፍበት ዘመን፥ ነጻ አውጪውን ከገበያ ማምጣት ድፍረት ነው። በዚህ ረገድ መጽሐፉ ከዐዋጁ ወደ ኋላ አልቀረም።

ጉድለቱም ከዚያው ይጀምራል። ያ ነጋዴ ከሰማይ እንደ ወረደ ሰው ነው። ገንዘቡን በምን እንዳገኘ፥ በቅሎውን ማን እንደ ጫነለት፥ ስንት ጊዜ ከስሮ ስንት ጊዜ እንዳተረፈ አንባቢ አያይም። ሀብቱ ተሠርቶ የተገኘ ሳይሆን ተቀምጦ የቆየ ይመስላል፤ ነጻነቱም ተሠርቶ የተገኘ ሳይሆን የተሰጠ ይሆናል። የተሰጠ ነጻነት ደግሞ ዕዳ ይወልዳል። ዋሕድን ከቤቱ ያስወጣው፥ ወደ ባርነትም ያደረሰው ይህ ዕዳ አይደለምን? ነጋዴው ምንም ሳይጠይቅ የተቀባዩ ልጅ መክፈል አለብኝ ብሎ መነሣቱ የመጽሐፉ ጥልቅ እውነት ነው፤ ሰው ከምርኮ በወጣ ጊዜ ነጻ አልሆነም፥ ነጻ የሚሆነው የሰው ውለታ በጫንቃው ላይ በማይኖርበት ጊዜ ነው።

የደራሲው የራሳቸው ኑሮም ይህን ነገር ያስታውሳል። ኢጣልያ በ1928 ዓ.ም. አገሪቱን በያዘች ጊዜ ነጋድራስ አፈወርቅ ከወራሪው ጋር ወገኑ፥ «አፈ ቄሣር» የሚል ማዕርግም ተቀበሉ፤ ከ1933 ዓ.ም. ነጻነት በኋላም ተፈርዶባቸው በጂማ በግዞት ሳሉ ሞቱ። የመጽሐፉ ዋጋ በዚህ አይፋቅም። ሆኖም በመጽሐፉ ውስጥ ነጻነት ከባለጠጋ እጅ እንደ ስጦታ መምጣቱን ያነበበ ሰው፥ ሥልጣኔም ከኃያል እጅ እንደ ስጦታ ሊመጣ ይችላል የሚለው አሳብ ሩቅ እንዳልነበረ ይገባዋል። ወራሪው መንገድ ሠርቶ ሄደ፤ በወልድያ የሚያልፈው ታላቁ መንገድ በዚያ ዘመን የተሠራ ነው። ሊስትሮ የሚለው ስምም ከኢጣልያንኛ የመጣ ነው። ነገር ግን መንገዱም ስሙም የአገር ሀብት የሆኑት የአገር ሰው ሲሠራባቸው ነው እንጂ በተሰጡ ጊዜ አይደለም።

ያለ ውለታ ገንዘብ ማግኘት ይቻላልን? ለዚህ የወልድያና የመርሳ ታናናሽ ሠራተኞች ልብ ወለዱ ያላሰበውን መልስ ይዘዋል፤ እርሱም ዕቍብ ነው። ሊስትሮው፥ ሻይ ሻጭዋ፥ ተሸካሚው በየቀኑ ወይም በየሳምንቱ ጥቂት ብር ያዋጣሉ፤ ዕጣ የደረሰው የሁሉንም ባንድ ጊዜ ይወስዳል፤ ከዚያም እስከ መጨረሻው ድረስ መዋጮውን ሳያቋርጥ ይከፍላል። በወሎ እንደ ተለመደው ክርስቲያኑና እስላሙ በአንድ ዕቍብ ይቀመጣሉ። ዕጣ የወጣለት ሊስትሮ ብሩሽና ቀለም ብቻ አይገዛም፤ የስልክ ካርድ፥ ማስቲካና መሐረብ በሳጥኑ ጎን ይደረድራል፤ ሲቀናውም ጫማ መስፋትን ይጨምራል፥ ከዚያም ታናሽ ሱቅ ይይዛል። የዕቍብ ገንዘብ ስጦታ አይደለም፥ ምጽዋትም አይደለም፤ ሁሉ ለሁሉ አበዳሪ፥ ሁሉም ከሁሉ ተበዳሪ ስለ ሆነ አንዱ በሌላው ፊት አንገቱን አይደፋም። ዋሕድ ዕቍብ ቢኖረው ኖሮ ነጋዴውን ፍለጋ ባልጠፋ ነበር።

ነጋድራስ አፈወርቅ የተዉትን ነገር፥ ማለት ሀብት ከየት እንደሚመጣ፥ የመረመሩት ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ናቸው። እርሳቸው በ1878 ዓ.ም. በዐድዋ አጠገብ ተወለዱ፤ በልጅነታቸው ከምጽዋ በመርከብ ወጥተው በጀርመን አገር ተማሩ፤ ተመልሰውም በዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት አገለገሉ፤ በ1911 ዓ.ም. በወጣትነታቸው ሞቱ። መጽሐፋቸው ጌጥ የለውም። አንዱን ነገር ካንዱ እያያያዘ፥ በምሳሌ እያስረዳ፥ እንደ መምህር ይሄዳል። የሀብት ምንጭ ድካምና ዕውቀት መሆናቸውን፥ ጦርነትና ዝርፊያ የተከማቸውን ድካም እንደሚበሉ፥ ዕውቀት የሌለው ሕዝብ ከዐዋቂ ሕዝብ ጋር ሲነግድ የብዙ ቀን ድካሙን በጥቂት ቀን ድካም እንደሚለውጥ ያስተምራል። እንዲህ ያለ ሕዝብ ንጉሥም ሰንደቅ ዓላማም ቢኖረው ውሎ አድሮ የዐዋቂው ጥገኛ ይሆናል።

ይህ ትምህርት የሊስትሮውን ሳጥን ሲከፍቱት ግልጥ ይሆናል። በሳጥኑ ውስጥ ያለው ኪዊ የሚባለው ቀለም መጀመሪያው ከአውስትራሊያ ነው፤ ስሙም የባዕድ ወፍ ስም ነው። ኢትዮጵያ ከብት የሞላባት አገር ናት፥ ቆዳዋንም ከጥንት ጀምራ ወደ ውጭ ሸጣለች፤ ሆኖም ሊስትሮው ከሚጠርገው ጫማ ብዙው በባዕድ አገር የተሰፋ ነው። ቆዳው በርካሽ ሄዶ ጫማው በውድ ሲመለስ፥ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት የጻፉት የድካም ልውውጥ በአንድ ሰው እግር ላይ ይታያል ማለት ነው። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ፈጽሞ የአገር የሆነው የሊስትሮው ክንድ ነው። እንግዲህ አገር ነጻ የምትሆነው ሳጥኑ ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ በአገር ዕውቀት ሲሠራ ነው ቢባል የመጽሐፉን አሳብ መከተል ነው።

ነገር ግን ይህም መጽሐፍ ጉድለት አለው። ስለ መንግሥትና ስለ ሕዝብ ሲናገር የአንድ ሰው ፊት አይታይበትም። ሰው በቍጥርና በሥርዐት ውስጥ ያልፋል፤ ሲርበው፥ ሲያፍር፥ ደስ ሲለው አይታይም። አንባቢው ሕዝብ እንዴት እንደሚበለጽግ ይማራል፤ አንድ የገበሬ ልጅ በመርሳ አደባባይ የመጀመሪያውን ሳንቲም ሲቀበል ልቡ ምን እንደሚል ግን አይማርም። ነጋድራስ አፈወርቅ ሰውን ያለ ሥራው አሳዩ፤ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ሥራን ያለ ሰው አሳዩ። አንዱ መጽሐፍ ለሌላው የጐደለውን ይዞ ተቀምጦአል።

የቅርቡ ዘመን ደግሞ ሁለቱንም መጻሕፍት በወልድያ ፈተነ። ከነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስ ወልድያና አካባቢዋ በትግራይ ኃይሎች እጅ ነበሩ። ባንክ ተዘጋ፥ መብራት ጠፋ፥ ብዙ ሰው ወደ ደሴና ከዚያም ወዲያ ተሰደደ፥ የብዙ ዓመት ጥሪትም ተዘረፈ። ጦርነት የተከማቸን ድካም ይበላል የሚለው ቃል ያን ጊዜ ትምህርት መሆኑ ቀርቶ የየቤቱ ታሪክ ሆነ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮም በአማራ ክልል ሌላ ውጊያ ተነሣ፤ መንገድም ብዙ ጊዜ ተዘጋ። ትልቅ መጋዘን የተዘረፈበት ሰው ለመነሣት ብድርና ብዙ ዕቃ ይፈልጋል፤ ሳጥን የጠፋበት ግን በጥቂት ገንዘብ ሌላ ሳጥን ያገኛል። በዚህ ታናሽ ሥራ ከታላቁ ይልቅ ጽኑ ነው። ሆኖም ጫማ የሚያስጠርግ መንገደኛ ከሌለ ሳጥኑ ምን ይጠቅማል? ባለጠጋ መንገድ ቢዘጋበት ካለው ይበላል፤ ሊስትሮ ግን መንገድ በተዘጋበት ቀን ያን ቀን አይበላም። ስለዚህ የአገር ሰላምና ነጻነት ለእርሱ የበዓል ቀን ንግግር አይደለም፥ የዕለት እንጀራ ነው። አገርን አጥብቆ የሚሻት ሰው ብዙ ያለው ብቻ ይመስላቸው የነበሩ ሰዎች ይህን ያስቡ።

ስለዚህ ሥራ ሲነገር ግን ሁለት ስሕተት አለ። አንዱ ማዘን ብቻ ነው፤ ሊስትሮውን ዕድል እንዳጣ ሰው ቈጥሮ ምጽዋት መስጠት። ይህ ሠርቶ የሚበላውን ሰው ከለማኝ ጋር ያስቈጥረዋል። ሁለተኛው ማሞገስ ብቻ ነው፤ ሥራ ክቡር ነው እያሉ ሕፃኑን ከትምህርት ቤት ውጭ ከሳጥኑ አጠገብ መተው። ይህም ከፊተኛው የማያንስ ጭካኔ ነው፤ ክቡር የሆነውን ሥራ የሚያወድሰው ሰው የራሱን ልጅ ወደዚያ ሥራ አይልክምና። ሳጥኑ የሌላ ሰው ሆኖ ማታ ገንዘቡ ለባለ ሳጥኑ የሚገባ እንደ ሆነ፥ የሚቀመጥበትም ጥግ በአንድ ሹም ፈቃድ የሚሰጥና የሚነጠቅ እንደ ሆነ፥ ያ ልጅ ስሙ ሊስትሮ ይሁን እንጂ ኑሮው የአሽከር ነው።

እንግዲህ ሦስት ነገር መጠየቅ ይገባል። ሳጥኑ የማን ነው? የድካሙን ዋጋ የሚቈርጠው ማን ነው? ነገ ይህን ትቼ ሌላ ሥራ ልያዝ ቢል ዕውቀት ወይም ሰው ይከለክለዋልን? ሳጥኑ የራሱ፥ ዋጋውም በስምምነት፥ የነገው መንገድም የተከፈተ ከሆነ ያ ሰው ከጫማ በታች ቢቀመጥም ነጻ ሰው ነው። ከሦስቱ አንዱ የጐደለበት ግን በወንበር ላይ ቢቀመጥም ነጻ አይባልም። እነዚሁ ሦስት ጥያቄዎች ለአገርም ይጠየቃሉ፤ የምትሠራበት መሣሪያ የማን እንደ ሆነ፥ የቡናዋንና የቆዳዋን ዋጋ የሚቈርጠው ማን እንደ ሆነ፥ ነገ ሌላ ነገር ልሥራ ብትል ዕውቀቱ እንዳላት። በመርሳ መንገድ ዳር ላለው ልጅ የሚጠየቀውና ለመንግሥት የሚጠየቀው አንድ መሆኑን ሁለቱም ነጋድራሶች ቢያነቡት አይቃወሙትም ነበር።

የሚጐድለው እነርሱ ከተዉት ስፍራ የሚነሣ መጽሐፍ ነው። የአፈወርቅ ጣዕም ያለው፥ የገብረ ሕይወትም ሒሳብ ያለው፤ ከምርኮ በወጣ ሰው ደስታ የማያበቃ፥ በማግሥቱ ጧት ያ ሰው ሲሠራ፥ ሲከስር፥ ዕቍብ ሲገባ፥ ሳጥኑን ሽጦ ሱቅ ሲከፍት የሚያሳይ መጽሐፍ። የወሎ ወጣቶች ዛሬ በወልድያ ዩኒቨርሲቲም በየትምህርት ቤቱም ብዕር ይዘዋል፤ ከእነርሱም ውስጥ ጫማ ጠርጎ የተማረ አይታጣም። እንዲህ ያለው ወጣት የሚያፍርበትን ሳይደብቅ፥ የሚኮራበትንም ሳያጋንን ቢጽፍ፥ ዐዋጅ ከአደባባይ ብቻ ያስወጣው ንቀት ከልብም ይወጣ ይሆናል።